አክስቴ ማሽኑን ሲያዙት

ሥዕል የሚሠራውን ኤአይ የፈለሰፉት ሰዎች አክስቴን አያውቋቸውም። ቢያውቋቸው ኖሮ «ቆንጆ አድርገህ ሥራልኝ» የሚል ትእዛዝ ሲደርሰው «ቆንጆ ሲሉ ምን ዓይነት ነው፣ እትዬ?» ብሎ የሚጠይቅ አፍ ይሰጡት ነበር። አሁን ያለው አይጠይቅም። ያልነገሩትን ሁሉ ከራሱ ሞልቶ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ በሰከንዶች ውስጥ ያቀርባል።

እትዬ ሰፈራችን ውስጥ ጀበና ቡና ሊከፍቱ ነበርና በሩ ላይ ለሚሰቀለው ባነር ሥዕል ፈለጉ። ፎቶ አንሺ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የወንድም ልጅ አይጠይቅም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«በል ጻፍ። መጀመሪያ እንደምን ዋልክ በለው።»

«እትዬ፣ ማሽን እኮ ነው።»

«ቢሆንስ? ሥራ ልናዘው አይደል እንዴ? ለመሆኑ አንተ ነው አንቺ?»

«እኔ እንጃ።»

«እንግዲያው እርስዎ በለው።»

አክብሮቱን አልጠላሁትም፤ ክፋቱ ቦታ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የመጀመሪያው ስታብል ዲፊውዥን የሚባለው ሥዕል ሠሪ ለምሳሌ ከአንድ ትእዛዝ የሚያነበው 75 የቃል ቁርጥራጭ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ቆርጦ ይጥለዋል። የእኛ ሰው ደግሞ የልጁን፣ የጤናውን፣ የዝናቡን ነገር ሳይጠያየቅ ወደ ጉዳዩ አይገባም። እትዬ ያሉትን ሁሉ ብጽፍ ኖሮ ማሽኑ ቡና የሚለው ቃል ዘንድ ሳይደርስ ጆሮውን በዘጋ ነበር። ሰላምታውን በልቤ ይዤ «ቆንጆ ኢትዮጵያዊት ቡና ስታፈላ» የሚለውን ብቻ በእንግሊዝኛ አስገባሁለት።

ልጅቷ መጣች። ከአንገቷ እስከ ደረቷ በቀይና በሰማያዊ ጨሌ ተጥለቅልቃለች። ከኋላዋ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ አናቷ የተደመደመ አንዲት ግራር ቆማለች። ጀበና ተብሎ የቀረበው ሁለት አፍ ያለው የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። ሲኒዎቹ እጀታ አውጥተዋል። ጢሱን ያየ እሳት አደጋ ይጠራል።

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?»

«የማንም አይደለችም።»

«ያስታውቃል። እሱስ ይሁን፤ እስቲ ጣቷን ቁጠር።»

ቆጠርኩ። ስድስት።

«ረከቦት የላት፣ ቄጤማ የላት፤ ጣት ግን ተርፏታል!»

በማሽኑ አልፈርድም። ሥራውን የሚጀምረው ጣቢያ እንደጠፋበት ቴሌቪዥን ከሚርመሰመስ ነጠብጣብ ነው፤ ነጠብጣቡን ደረጃ በደረጃ እየጠረገ ቃላቱ ወደሚሉት ይጠጋል። ቃላቱ ምን እንደሚመስሉ የተማረው ደግሞ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ከለጠፏቸው ሥዕሎችና ከሥራቸው ከተጻፈው መግለጫ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥልጠና የተሰበሰበው ላዮን 5ቢ የሚባለው ክምችት የ5.85 ቢሊዮን ሥዕል አድራሻ ከነመግለጫው ይዞ ነበር፤ ከዚህ የ2.3 ቢሊዮን ያህሉ መግለጫ በእንግሊዝኛ ነበር። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የእትዬን ጓዳ ያየ ስንቱ ነው? እርስዎ ዝም ያሉበትን ቦታ የማያውቋቸው ሰዎች ይሞሉልዎታል። የእነሱ አፍሪካ ደግሞ ሁልጊዜ ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው።

እትዬ ይህን ሁሉ ማብራሪያ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «ጨሌ አይኑርባት በለው» አሉ። ጻፍኩ። ጨሌው ወደ ጆሮዋም ወጣ።

«ደንቆሮ ነው እንዴ?»

«ሰምቷል፣ እትዬ። ጨሌ የሚለውን ሰምቷል።»

«አይኑርባት» የምትለዋ ትንሽ ቃል ከብዙዎቹ ማሽኖች ጆሮ ታመልጣለች፤ ስሙ የተጠራው ነገር ግን ከተፍ ይላል። አንዳንዱ ፕሮግራም የማንፈልገውን ለይተን የምንጽፍበት ሳጥን አለው። ከሌለው ብልሃቱ የማይፈለገውን ትቶ በቦታው የሚፈለገውን መናገር ነው። «አንገቷ ላይ በጥቁር ማተብ የታሰረ ትንሽ የብር መስቀል» ብዬ ስጽፍ ጨሌው ያለ ጭቅጭቅ ወረደ።

ቀጥሎ ጀበናው ነበር።

«ምን እንደሚመስል ይንገሩኝ።»

«ጀበና ነዋ የሚመስለው!»

«ጀበና አይቶ ለማያውቅ ሰው ቢነግሩስ?»

ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። የራሳቸውን ጀበና ይዘው መጡና ጠረጴዛው ላይ ማቶቱን አስቀድመው አስቀመጡት። ስንት ዓመት ቡና የቀዱበትን ዕቃ አዲስ እንደተገዛ እያገላበጡ ያዩት ጀመር። ጥቁር ሸክላ፤ ሆዱ ድቡልቡል፤ አንገቱ ቀጭንና ረጅም፤ እጀታው ከአንገቱ ተነሥቶ ሆዱ ላይ የሚያርፍ፤ በአንድ ጎኑ እሳት የላሰው። «እዚህ ጋ ደግሞ ተልጧል፤ እሱን አትጻፍ» አሉ። ጻፍኩት። እንደውም ጀበናውን ጀበና ያደረገው ያ የተላጠው ቦታ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«ብርሃኑስ በየት በኩል ይግባ?»

«በመስኮት ነዋ። በጠዋት በየት ሊገባ ነው?»

«ከየት ሆነን እንያት? ቆመን?»

«ቡና ቆሞ ይጠጣል? ቁጭ ብለን ነው እንጂ!»

ስለ ትእዛዝ አጻጻፍ ብዙ ምክር አንብቤያለሁ፤ ይህን የሚያህል አላገኘሁም። የካሜራውን ከፍታ በርጩማ ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ አደረግሁት። ረከቦቱ ወደ ፊት ቀረበ፣ ቄጤማው ታየ፣ ልጅቷ ከቱሪስት ፖስት ካርድ ወጥታ ቤት ውስጥ ተቀመጠች። «ቆንጆ» የሚለውን ቃል ሰርዤው ነበር፤ ይበልጥ ቆንጆ ሆነች።

አንድ ወዳጄ የታወቀ ሠዓሊ ስም ጨምርበት ብሎኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የፖላንዱ ግሬግ ሩትኮውስኪ ስም እንዲህ ነበር ያለቀው፤ ዘንዶና ጦርነት የሚሥለውን ሰው ስም የዓለም ሕዝብ በየትእዛዙ ይሰካው ነበርና ሠዓሊው ቅሬታውን በአደባባይ ተናገረ። እትዬ «ሳናስፈቅደው?» ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

ከዚያ የግድግዳ ሰዓት ይኑር አሉ፤ የምንከፍትበትን 12 ሰዓት የሚያሳይ። ማሽኑ 10 ሰዓት ከ10 አመጣ። ደግመን አዘዝነው፤ ያው። የሰዓት ሻጮች ማስታወቂያ የሚነሣው ሁለቱ ዘንጎች በዚህ አኳኋን ተዘርግተው፣ የድርጅቱ ስም መሐላቸው እንዲታይ ሆኖ ነው፤ ማሽኑም ሰዓት የሚያውቀው ከእነዚያ ፎቶዎች ነው። ተስፋ ልቆርጥ ስል እትዬ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«የፈረንጅ 10 በእኛ ስንት ነው?»

«ረፋድ 4 ሰዓት።»

«የቡና ሰዓት አይደል እንዴ! ተወው፣ ይኼን እንኳ አውቋል።»

ሰለቸኝ እንዳልል የጄሰን አለንን ታሪክ አጫወትኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 በኮሎራዶ ግዛት አውደ ርዕይ ላይ በኤአይ በሠራው ሥዕል በዲጂታል ዘርፍ አንደኛ የወጣው ሰው ነው፤ ትእዛዙን ቢያንስ 624 ጊዜ እንዳሻሻለ ተናግሯል። የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት ግን በቀጣዩ ዓመት ሥዕሉን አልመዘግብልህም አለው።

«624 ጊዜ?» አሉ እትዬ። «እኔ ይህን በር የሠራውን አናጢ እንኳ ይህን ያህል አልጨቀጨቅሁትም።»

የቀረው ጽሑፉ ነበር። «ቡና» ብሎ እንዲጽፍ ሲታዘዝ ከግዕዝም ከአርመንም ዘር የማይቆጠር ፊደል ደረደረ። እትዬ «ጸሎት ነው?» ብለው ጠየቁ። እሱን ለባነር አታሚው ልጅ ተውነው፤ በአንድ ጊዜ ጻፈው።

ባነሩ ከተሰቀለ ወዲህ አንድ ጎልማሳ በየጠዋቱ ይመጣል። አቦሉን ይጠጣል፤ ወደ ጓዳው በር ሰረቅ አድርጎ ያያል። ሰሞኑን ደፍሮ «እትዬ፣ ያቺ በሩ ላይ ያለችው ልጅ ዛሬም አልገባችም?» አላቸው።

እትዬ ቶናውን እየቀዱ «ክፍለ ሀገር ሄዳለች፤ ትመጣለች» አሉት።

«እንግዲያው በረካውንም ጠጥቼ ነው የምሄደው» አለ።