ኦሪጅናሉም ቻይና፣ ቻይናውም ቻይና

ንፋስ መውጫ ንፋሱ በነፃ ነው፤ ዋይፋዩ ግን ያስከፍላል። የጽሕፈት ቤቴ ዴስክቶፕ ገመድ ካልሰኩባት ዓለም መኖሩን የማታውቅ አሮጊት ናት። እናም ዩኤስቢዋ ላይ የሚሰካ የዋይፋይ መቀበያ ፍለጋ ከእስቴ ተነሥቼ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ገባሁ።

«ጥፍር ለምታህል ዕቃ ከእስቴ ድረስ?» አለኝ ባለሱቁ፤ የስማዳ ልጅ ነው።

«አንተስ ጥፍሯን ልትሸጥልኝ ከስማዳ ድረስ አልመጣህ?»

ሁለት አወጣ። አንዱ ቲፒ ሊንክ ነው፣ ከነካርቶኑ። ሌላው ስም የለውም፣ ላስቲክ ውስጥ ነው፤ በቲፒ ሊንኩ ዋጋ ሦስቱ ይገዛል። ላስቲኩን አገላብጬ አነበብኩ። «802.11ኤን» መባል ሲገባው አሥራ አንዷን ትተው «አይ» የምትባለዋን የፈረንጅ ፊደል ሁለት ጊዜ ደርድረውባታል።

«ይሄ ገና ሳልገዛው 'አይ፣ አይ' ይለኛል!»

«ቀንስ እንዳትለው ነው ጋሼ፤ ቀድሞ መለሰልህ።»

«እሺ፣ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ያ ኦሪጅናል፣ ይሄ ቻይና።»

«ኦሪጅናሉስ የየት አገር ነው?»

ዝም አለ። ቲፒ ሊንክም እኮ በ1996 እ.ኤ.አ. ሼንዘን ላይ የተመሠረተ ነው። ኮፒ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ፣ የመሬት ደብተራቸውን ጋቢያቸው ውስጥ እንደያዙ ጣልቃ ገቡ፦ «ቻይና ቻይና ትላላችሁ። ከወረታ ወልዲያ ያለውን መንገድ በደርግ ጊዜ ማን ሠራውና? 'ቻይና መንገድ' እያልን ስንት ዘመን ሄድንበት፤ ፎርጅድ ነው ብሎ በእርሻ ያቋረጠ ጋይንቴ አላየሁም።»

ነገሩ ያለው በዕቃዎቹ ሆድ ውስጥ ነው። ስም የለሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የሪልቴክ ወይም የሚዲያቴክ ቺፕ ነው የሚይዙት፤ ስመ ጥሮቹም ከዚያው ጓዳ ይቀዳሉ። ቲኤል-ደብሊውኤን722ኤን የተባለው የቲፒ ሊንክ ዕቃ መጀመሪያ ሲወጣ አቴሮስ ቺፕ ነበረው፤ ከሁለተኛው እትም ጀምሮ ሪልቴክ ገባበት። ስሙ ያው፣ መልኩ ያው፣ ሆዱ ሌላ። ሊኑክስ የሚጠቀሙ ሰዎች የመጀመሪያውን እትም እንደ ማርትሬዛ ብር እያሰሱ የሚገዙት ለዚህ ነው።

«ታዲያ የምከፍለው ለስሙ ነው?»

«ለአባቱ ነው» አለ የስማዳው ልጅ።

ይቺን አልመለስኩለትም፤ ልክ ናታ። ስም ያለው ዕቃ ድራይቨሩ ቢጠፋ የአምራቹን ስም ጠርተህ ታወርዳለህ። ይሄንኛውን ማን ወለደው ብለህ ትፈልጋለህ? አብራው የምትመጣ ትንሽ ሲዲ አለች፤ እሷን ዘረጋልኝ።

«የእኔ ኮምፒውተር ሲዲ ማስገቢያ የላትም።»

«ቆላ ወስደህ ማሽላ ላይ ስቀላት፤ ወፍ ትጠብቅልሃለች።»

«ድራይቨሩንስ?»

«ከኢንተርኔት አውርደው።»

«ኢንተርኔቱን በምን?»

«ስልክህን በገመድ ሰክተህ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ትከፍታለህ።»

«ስልኬ ኢንተርኔቱን ካመጣልኝ ይሄን ምን ልሁን ብዬ ነው የምገዛው?»

ሽማግሌው ሳቁ፦ «ሙሽራዋ በእግሯ ከመጣች ለበቅሎ ኪራይ አይከፈልም።»

ልጁ መች ይረታል፤ አንቴና ያለው ሌላ አመጣ። ላዩ ላይ «600» የሚል ቁጥር አለበት። ይህ የፍጥነት ቁጥር በ5 ጊጋኸርዝ የሚገኘው 433 እና በ2.4 የሚገኘው 150 ተደምረው፣ ወደ ላይ ተጠጋግተው የመጣ ነው። አንዱን ስትጠምድ ሌላው በረት ይቀራል፤ ሁለቱን ባንዴ አታርስባቸውም። ደግሞ 5 ጊጋኸርዙ ግድግዳ ሲያይ ይደክመዋል። አንቴናውም ቢሆን ከነዚህ ርካሾች መካከል አንዳንዶቹ ቢከፈቱ ሽቦው ከምንም ያልተያያዘ ይገኛል፤ ለግርማ ሞገስ የተተከለ።

«ይቺ ቀንድ እንጂ ጡት የላትም» አልኩት።

«ጋሼ፣ በዚህ ዋጋ ቀንዷም ምርቃት ነው!»

እውነቱን ለመናገር በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ሲቋረጥ ባለ ስሙም ስም የለሹም መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት፤ ያን ጊዜ ማንም ማንንም ፎርጅድ አላለም።

ስም የለሹን ገዛሁ፤ ከአንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ጋር። ከዴስክቶፑ ጀርባ፣ ከብረቱ ሥር ተወሽቆ ምንም አይሰማም፤ ግድግዳ ላይ ከፍ ሲል ነው ጆሮ የሚያወጣው። በማራዘሚያው የማይድን ኦሪጅናል እንኳ ጥቂት ነው።

«ባይሠራ ትመልስልኛለህ?»

ከራሱ በላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት በአገጩ አሳየኝ። ሽማግሌው ደብተራቸውን አውጥተው ሰጡት፤ ማሽኑ ላይ አጋደመው፤ ክዳኑን ገጠመ፤ ቁልፉን ሊጫን ጣቱን ሲዘረጋ መብራቱ ድርግም!

«ይቺስ» አሉ ሽማግሌው ከጨለማው ውስጥ፣ «ኦሪጅናል ናት ቻይና?»

«ይቺማ ኦሪጅናል ናት አባቴ፤ የራሳችን።»