ካምሻፍቱ የተበላ ላዳ

ካምሻፍት የሞተርን ቫልቮች በየተራቸው የሚከፍት ባለ ጉብታ ዘንግ ነው። በላዳ 2101 ላይ ሂሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ዘንግ፣ 8 ጉብታ፣ 8 ቫልቭ። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ የሚዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ግማሽ ሥራ እየሠራ ከጓደኛው ቀድሞ ማርጀቱ ስንቱን ባለ ላዳ አስገርሟል።

ምክንያቱ የሚገኘው በመኪናዋ ትውልድ ነው። ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 መኪና ለመሥራት ከጣሊያኑ ፊያት ጋር ስትዋዋል የመረጠችው ፊያት 124ን ነበር። የጣሊያኑ ሞተር ካምሻፍት ታች፣ ብሎኩ ውስጥ፣ ተደብቆ ይኖር ነበር። ሞስኮ ግን ዘመናዊ ነገር ፈለገችና ካምሻፍቱ ከብሎኩ በላይ ወዳለው ቴስታታ ይውጣ ተባለ፤ ወጣ። በ1970 ቶልያቲ ከተማ መሠራት የጀመረችው መኪና ቆርቆሮዋ ወፍሮ፣ የኋላ ዲስክ ፍሬኗ በከበሮ ተተክቶ፣ ካምሻፍቷም ሹመት አግኝቶ ብቅ አለች። ችግሩ ዘይት ሹመት አለማወቁ ነው፤ የሚነሳው ከሞተሩ ሥር ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ሌላው ሁሉ ጠጥቶ ሲጠግብ ካምሻፍቱ ገና ወረፋ ይጠብቃል። ሲደርሰውም በዘንጉ ሆድ ገብቶ በጠባብ ቀዳዳዎች ነው። በቆሸሸ ዘይት እነዚህ ቀዳዳዎች ከተደፈኑ ጉብታውና ቫልቩን ለመክፈት የሚጫነው ሮከር አርም በደረቁ ይፋጫሉ።

የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት ታክ ታክ የሚል ድምፅ ነው። በደርግ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ገብታ የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ በሆነችው ላዳ ውስጥ ይህ ድምፅ ለብዙ ተሳፋሪ የጉዞው አካል ሆኖ ነበር። ባለቤቱ በቅድሚያ የሚያደርገው ቫልቭ ማስተካከል ነው፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ክፍተቱ 0.15 ሚሊሜትር ይደረጋል። ድምፁ ግን ተመልሶ ይመጣል፤ አንዳንዴ ከነጭራሹ አይሄድም። ምክንያቱም የክፍተት መለኪያው ስስ ብረት ጠፍጣፋ ስለሆነ ሮከር አርሙ ላይ በተቆፈረው ጎድጓዳ አናት ላይ ያልፋል፤ የጎድጓዳውን ጥልቀት አያይም። መለኪያው 0.15 ሲል እውነተኛው ክፍተት ከዚያ ይበልጣል። ጉብታው ራሱ ካጠረ ደግሞ ቫልቩ በቅጡ አይከፈትም፤ ዳገት ላይ ጉልበት ይከዳል፤ ያጠረው የጭስ መውጫው ጉብታ ሲሆን ካርቡራተሩ ያስነጥሳል። የቴስታታውን ክዳን አንስቶ ጉብታዎቹን ማየት ክርክሩን ይዘጋል። ጥፍር ሲሄድበት የሚይዘው እርከን ካለ ወይም በማይክሮሜትር ሲለካ አንዱ ከወንድሞቹ ካጠረ ዘንጉ አልቋል።

ከዚህ በኋላ ምክር ይበዛል። ከሁሉ የረከሰው ዘይቱን ማወፈር ነው፤ ድምፁን ስለሚያፍን መኪና ሊሸጡ ያሰቡ ሰዎች ይወዱታል። ወፍራም ዘይት ግን በጠዋት ብርድ ወደ ላይ ለመውጣት ይብስ ስለሚዘገይ ካምሻፍቱን ከገዢው ቀድሞ ይጎዳዋል።

ሁለተኛው ምክር የተበላውን ጉብታ በብየዳ ሞልቶ በሞረድ ማስተካከል ነው። የጉብታ ቅርጽ በመቶኛ ሚሊሜትር የሚሰላ ኩርባ ሲሆን በእጅ የተሞረደ ጉብታ ግን የሞራጁን የዕለቱን ስሜት ይዞ ይቀራል። የብየዳው ሙቀትም ዘንጉን ያጎብጣል፤ ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ ብረት (ካስት አይረን) ስለሆነ ሊሰነጥቀውም ይችላል። ለካምሻፍት ተብሎ የተሠራ መሞረጃ ማሽን ያለው ቤት ከተገኘ ሌላ ነገር ነው፤ ጉብታው ዙሪያውን እኩል ይቀነስና ቅርጹ ይመለሳል። እዚያም መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ጉብታው የሚጠነክረው ላይ ላዩን ነው፤ በአንዳንዱ ዘንግ ጠንካራው ቆዳ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። እሱ ተሞርዶ ካለቀ ከሥሩ የሚቀረው ለስላሳ ብረት ጥቂት ወራት ያገለግላል።

ስለዚህ ለላዳ፣ መለዋወጫ እስከተገኘ ድረስ፣ አዲስ መግጠም ያዋጣል። ሥራውም አያስፈራም፤ የካምሻፍቱ ቤት በ9 ዳዶ የታሰረ ነው፤ ሞተር አይወርድም፤ ቴስታታም አይነሳም። የሚያጣላው ሮከር አርሙ ነው። ባለቤቱ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ካምሻፍቱን ብቻ ገዝቶ አሮጌዎቹን ሮከሮች ለማትረፍ ይመኛል። ካምሻፍትና ሮከር አብረው እንዳረጁ ባልና ሚስት ናቸው፤ የአንዱ ጎድጓዳ ለሌላው ጉብታ የተሠራ ነው። አሮጌ ሮከር አዲሱን ዘንግ በአጭር ጊዜ በራሱ መልክ ያበላሸዋል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም እንደገና ይገዛሉ። ያገለገለ ካምሻፍት የሚገዛም ከነሮከሮቹ፣ የየትኛው ጉብታ እንደሆኑ ምልክት ተደርጎባቸው፣ ካልሆነ ባይገዛ ይሻለዋል።

ከመግጠም በፊት የዘይት መንገዱ ይጠረጋል፤ አሮጌውን የገደለው ረሃብ አዲሱንም አይምርም። አሮጌው ሲፈታ የካምሻፍቱ ጥርስ ከሚያዞረው ካቴና ጋር በሽቦ ይታሰራል፤ ይህን የረሳ ሰው ካቴናው ወደ ሞተሩ ሆድ ሲወርድ ቆሞ ያያል። ጉብታዎቹ በመግጠሚያ ቅባት ይለቀለቃሉ፤ የዙር ማስተካከያ ምልክቶቹ ይገጣጠማሉ። ሞተሩ ከተነሳም በኋላ ሚኒሞ ላይ አይተውም፤ በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር ተይዞ ለ20 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ በዝግታ ሲዞር ወደ ላይ የሚደርሰው ዘይት ትንሽ ነውና። በዚህ ጊዜ ጎረቤት ይቆጣል። ዘይቱ ተቀይሮ ክፍተቱ እንደገና 0.15 ላይ ሲስተካከል ታክ ታኩ ያበቃል፤ ባለቤቱም እስከዚያ ተሸፍኖ የኖረውን የዲፈረንሻሉን ጩኸት ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማል።