በየትኛው ፕሮግራም ልክፈተው?

ተመላላሽ ክፍል የሚቀርብልን የሕክምና ምስል ሲዲ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ላዩ ላይ በማርከር የተሞነጫጨረ ስም አለበት፤ ውስጡ ያለው ግን አይከፈትም። ታካሚው ከፍሎበታል፣ ተሰልፎበታል፣ በስስ ፌስታል ጠቅልሎ ከክፍለ ሀገር ድረስ ይዞት መጥቷል። እኛ ደግሞ መጀመሪያ ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ፍለጋ እንወጣለን። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ሲዲ መቀበል ካቆሙ ቆይተዋል። ካርድ ክፍል ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ግን ያነባል ይባላል። ሄደን ስንሞክረው አንዳንዴ አፉን ይከፍታል፤ ከከፈተ በኋላ ደግሞ አልዘጋም ይላል።

ዲስኩ ተነበበ እንበል። የሚመጣልን የፎልደር መዓት ነው። ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ስማቸው ሁለት ፊደልና የዜሮ ሰልፍ የሆነ፣ ቅጥያ የሌላቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች። አንዱን ጠቅ ጠቅ ስናደርገው ዊንዶውስ «በየትኛው ፕሮግራም ልክፈተው?» ብሎ ይጠይቀናል። እኛም እኮ የመጣነው ይህንኑ ልንጠይቀው ነበር።

ስማቸው እንዲያ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዳይኮም በሚባለው የሕክምና ምስል ስታንዳርድ ዲስክ ላይ የሚጻፍ ፋይል ስሙ ከ8 ፊደል እንዳይበልጥ፣ ቅጥያም እንዳይኖረው የሚያዝ የቆየ ሕግ አለ። ፕሮግራሙ ፋይሉን የሚለየው በስሙ ሳይሆን ከመጀመሪያዎቹ 128 ባይቶች ቀጥለው በተጻፉት አራት ፊደላት ነው። ዳይኮምዲር የሚባል የዲስኩ ማውጫም አለ፤ አንዳንዱ የምስል መመልከቻ ፕሮግራም ያለ እሱ አይንቀሳቀስም። ይህን ሁሉ ለታካሚው ልጅ ማን ይንገረው? ልጁ ሊረዳን ብሎ ሲዲውን ወደ ፍላሽ ይገለብጠዋል፤ የሚገለብጠው ግን ባለ ሥዕሏን፣ ዓይን የምትስበዋን አንዷን ፋይል ነው። «ዶክተር፣ ሁሉንም አምጥቼልዎታለሁ» ብሎ በኩራት ይሰጠናል። መመልከቻው መጥቷል፤ ምስሎቹ ጎንደር ቀርተዋል። ፍላሹም ቢሆን ባዶውን አልመጣም፤ የኢንተርኔት ቤቱን ቫይረስ ይዞልን መጥቷል።

ይበልጥ የሚያበሽቀኝ ግን ይህ ጉዳይ ድሮ ተፈትቷል መባሉ ነው። የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅና የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር በ1983 ኮሚቴ አቋቋሙ፤ በ1985 የመጀመሪያውን ስታንዳርድ አወጡ፤ ዳይኮም የሚለው ስም በ1993 ወጣለት (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። የተፈለገው የአንዱ ፋብሪካ ማሽን ያነሣውን የሌላው ፋብሪካ ማሽን እንዲያነበው ነበር፤ ማሽኖቹም ተግባብተዋል። ያልተግባባነው ማሽኑ ካለበት ክፍል በር ውጭ ያለነው ነን። ደግሞ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አሜሪካም ታካሚ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲዲ ተሸክሞ ይዞራል።

እያንዳንዱ ሲዲ የራሱን መመልከቻ ይዞ ይመጣል፤ እያንዳንዱ መመልከቻም የራሱ ጠባይ አለው። በአንዱ የማውሱን ጎማ ስናሽከረክር ወደ ቀጣዩ ምስል ይወስደናል፤ በሌላው ያንኑ ስናደርግ ምስሉ እያበጠ ሄዶ አንድ የጎድን አጥንት ስክሪኑን ይሞላል። በአንዱ ግራ ቁልፍ ተጭኖ መጎተት ምስሉን ያንቀሳቅሳል፤ በሌላው ያፈካውና ነጭ ወረቀት ያደርገዋል። ወደ ነበረበት መመለሻዋ ምልክት የትኛዋ እንደሆነች የሚያውቀው የሠራት ሰው ብቻ ነው። ማክ የያዘ ባልደረባችንማ ከነጭራሹ አይሞክርም፤ በሲዲው የሚመጣው መመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ታካሚው ደግሞ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊታችንን ያያል። ግንባራችንን የቋጠርነው በፕሮግራሙ ተናደን ነው፤ እሱ ግን በሽታው የከፋ ይመስለዋል። «አይዞዎት አባባ፣ ኮምፒውተሩ ነው» እንላለን። አያምኑንም።

የሲቲ ስካን ምስል ተራ ፎቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ባላስፈለገ ነበር። እያንዳንዱ ነጥብ ቁጥር ነው። በሃውንስፊልድ መለኪያ ውሃ 0፣ አየር -1000 ነው፤ ጠንካራ አጥንት ከ1000 በላይ ይወጣል። ዓይን ይህን ሁሉ የግራጫ ደረጃ በአንዴ ሊለይ ስለማይችል ፕሮግራሙ ከቁጥሮቹ የምንፈልገውን ክልል ብቻ እየመረጠ ያሳየናል፤ እኛ ዊንዶው የምንለው ይህን ነው። ለአንጎል ስፋቱን 80፣ መሃሉን 40 አካባቢ እናደርጋለን፤ ለሳንባ ስፋቱ 1500፣ መሃሉ -600 አካባቢ ይሆናል። በአንጎሉ ዊንዶው ሳንባን ብታዩት ጥቁር ጉድጓድ ነው። በአጥንቱ ዊንዶው ደግሞ የፈሰሰ ደምና አንጎል አይለያዩም። ስለዚህ ምስሉን ማየት ማለት ዊንዶውን እየቀያየሩ ከላይ እስከ ታች መመላለስ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ቁጥር በስልክ ካሜራ ተነሥቶ በቴሌግራም ይላክልናል። ምስሉ ላኪው በተወው ዊንዶው እንደ ደረቀ ይቀራል፤ የመለኪያ መስመሩ ስለማይከተለው ዕጢው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ መለካት አይቻልም፤ ከግቢው የገባው ብርሃን ስክሪኑ መሃል ላይ ያብረቀርቃል። የፎቶ አንሺው ሸሚዝ ግን ከነቁልፎቹ ጥርት ብሎ ይታያል። ከሦስት መቶ ምስል አንዷ ተመርጣ «ዶክተር፣ ምንድን ነው?» የሚል ተጽፎባት ትመጣለች። ማን እንደመረጣትና በምን መስፈርት እንደመረጣት እግዜር ይወቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትመረጠው ምንም የሌለባት ናት። ያችው ፎቶ በዚያው ሰዓት ዋሽንግተን ላለችው ነርስ እህትና ሪያድ ላለው የአክስት ልጅም ተልካለች። ማታ ሁሉም በየበኩሉ ይደውላል።

ዋናውን ፋይል መላክስ? አንድ የሲቲ ቁራጭ፣ ማለትም አንዲት ምስል፣ 512 በ512 ነጥብ ሆኖ ግማሽ ሜጋ ባይት ያህል ይመዝናል፤ ሺህ ቁራጭ ሲሆን ግማሽ ጊጋ ይደርሳል። በእኛ ኢንተርኔት ሲጫን ያመሻል፤ መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። ሲዲውም 700 ሜጋ ብቻ ስለሚይዝ አንዳንድ ቦታ ቀጫጭኖቹን ቁራጮች ትተው ወፍራሞቹን ብቻ ይጽፉልናል። የምንፈልጋት ትንሽ ስብራት በሁለት ወፍራም ቁራጮች መሃል ተደብቃ ትቀራለች።

የስሙንና የዕድሜውን ነገርማ አታንሡብኝ። ዳይኮም የሰውን ስም የሚያስቀምጠው የቤተሰብ ስም አስቀድሞ ነው፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። ስለዚህ አንዱ የምስል ማዕከል ታካሚዋን በራሷ ስም፣ ሌላው በአባቷ ስም ይመዘግባታል። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በላቲን በቲና በኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ይጀምረዋል። ስታንዳርዱ ዩኒኮድ ስለሚፈቅድ በግዕዝ ፊደል መጻፍም ይቻል ነበር፤ የማሽኑ ኪቦርድ ግን ፊደላችንን አያውቅም። አንዲት ሴት ዴስክቶፓችን ላይ ሦስት ሴት ሆና ትቀመጣለች፤ ሦስቱም ስለማይተዋወቁ ያምናው ምስል ከዘንድሮው ጎን ተደርጎ አይታይም።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ጳጉሜን የተወለደ ሰው ማሽኑ ፊት እንዳልተወለደ ይቆጠራል፤ አሥራ ሦስተኛ ወር አይቀበልም። በእኛ አቆጣጠር በ2010 የተወለደ ሕፃን ዓመቱ ሳይቀየር እንዳለ ከገባ በአንድ ጠቅታ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያድጋል። በአዋቂ ላይ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። በሕፃን ራጅ ላይ ግን የአጥንቱን እድገት የምናመዛዝነው ከዕድሜው ጋር ነው፤ የስድስት ዓመቱ ጤነኛ ልጅ በስክሪኑ ጥግ የአሥራ አራት ዓመት ጎረምሳ ተብሎ ሲጻፍ እድገቱ የተገታ ይመስላል። እናቱን «ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ከሶፍትዌሩ ሁሉ ይበልጣል።

ደህና ፕሮግራም ጠፍቶ አይደለም። ዊዚስ ነፃ ነው፤ ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ይሠራል። ማይክሮዳይኮም ለንግድ ላልሆነ ሥራ አይከፈልበትም። ማክ ላለው ሆሮስ አለለት። ከቤልጂየም ከሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የወጣው ኦርታንክ ደግሞ ተራ ዴስክቶፕ ላይ ተጭኖ የአንድ ክሊኒክ የምስል ማኅደር መሆን ይችላል። ነገር ግን ለመጫን ፓስወርድ ያስፈልጋል፤ ፓስወርዱ አይቲው ጋ ነው፤ አይቲው ሥልጠና ላይ ነው። የዕለት ተረኛው በራሱ ላፕቶፕ ጭኖ ይሠራል፤ ተረኛው ሲቀየር ላፕቶፑም አብሮት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በዚህ ሁሉ መሃል ምስሉ የታተመበትን ፊልም በመስኮት በኩል ወደ ሰማይ ከፍ አድርገን እናይበት የነበረው ዘመን ይናፍቀናል፤ ነውር ቢሆንም እናገረዋለሁ። ፊልሙ የአንድ ዊንዶው እስረኛ ነው፣ ጠቦ የታተመ ነው፣ እንደ ልብ አይለካም። ግን ፓስወርድ አይጠይቅም፤ መብራት ሲጠፋም ይታያል።

ምስል የምታነሡልን ማዕከላት ሆይ፣ ሲዲውን ከማስረከባችሁ በፊት ምስሉ ከተነሣበት ማሽን ውጭ ባለ ሌላ ኮምፒውተር፣ አስታማሚው እያየ ክፈቱት። ካልተከፈተላችሁ ለእኛም አይከፈትልንም። ቀጫጭኖቹን ቁራጮች አታስቀሩ፤ ሲዲው ካልበቃ ዲቪዲ አለ። ስሙን እንደ ካርዱ ጻፉት፣ ዕድሜውን ጠይቁ። እናንተም ታካሚዎችና አስታማሚዎች፣ ግልባጩን ለቤት አስቀሩና ዋናውን ሲዲ ይዛችሁ ኑ። ፊልም ከሰጧችሁ አትጣሉት። የራዲዮሎጂስቱን ሪፖርት በወረቀት ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ ሌላው ሁሉ እምቢ ባለን ቀን የምናነበው እሱን ነው።