የአቻ ውጤትና የወረራ አከፋፈት፦ በረሆቮት የተደረገ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ ሁለት ጤነኛ ሰዎች ለሰዓታት ተፋጥጠው ከቆዩ በኋላ ሳይሸናነፉ ተጨባብጠው የሚለያዩበትን ምክንያት መመርመር ነው። ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ካርፖቭና ካስፓሮቭ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1984 ለዓለም ቼዝ ሻምፒዮንነት መጋጠም ጀምረው፣ በየካቲት 1985 ግጥሚያው ያለ አሸናፊ ሲቋረጥ ከ48ቱ ጨዋታ 40ው በአቻ አልቆ ነበር።

ሌሎች ጥፋቱን በጨዋታው ፍጻሜ ያሳብባሉ፤ እኛ የምንጠረጥረው መክፈቻውን ነው። ለዚህ በርሊን የሚባለው መከላከያ ምስክራችን ነው። ክራምኒክ በ2000 ለንደን ላይ በዚሁ መከላከያ ካስፓሮቭን አስሮ፣ በ15 ጨዋታ አንድም ሳይሸነፍ ዘውዱን ወስዷል። ዛሬማ ሁለቱም ወገን ንግሥቱን ወዲህና ወዲያ እያመላለሰ፣ በ14ኛው እርምጃ ግድም ወደ ቤቱ የሚገባበት መስመር ተገኝቶለታል።

የአበሻ ቼዝ የሆነው ሰንጠረዥ ይህን አያውቅም። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እንደጻፉት፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ባሻቸው ፍጥነት፣ ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። አከፋፈቱ ወረራ ይባላል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቷል። በዙሪያው የተቀመጠ ሁሉ ሳይጠየቅ ይመክር፣ እጁንም ይሰድ ነበር፤ ያም ሆኖ የሚያሸንፉት ራስ ነበሩ። ስለዚህ ለአቻ ውጤት የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ ተራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከተጫዋቾቹ አንዱም ራስ አለመሆኑ ነው።

የመስክ ጥናቱ የተካሄደው በእስራኤሏ ረሆቮት ነው። ከተማዋ የቫይዝማን የሳይንስ ተቋም መቀመጫ ስለሆነች ለምርምር ትመቻለች፤ ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ቂርያት ሞሼም እዚያው ነው። ወረራ ጠፍቷል የሚሉ ምሁራን በረሆቮት አውቶቡስ ጠብቀው አያውቁም። በሩ ሲከፈት ሁሉም ባሻው ፍጥነት ይንቀሳቀሳል፤ ዳር የቆመው ሳይጠየቅ ይመክራል፤ ሥርዓት የሚሰፍነው የመጀመሪያው መቀመጫ ከተያዘ በኋላ ነው። ተራቸውን የሚጠብቁት ከጎንደር የመጡት አባት ብቻ ናቸው። ባለቤቱ የተወውን እንግዳው ወርሶታል።

ድምዳሜው ግልጽ ነው፦ አቻን የወለደው ተራ ነው። ተራ በሌለበት አንዱ ይቀመጣል፣ ሌላው ይቆማል። ስለዚህ በውድድር ግማሽ ነጥብ የሚበቃው አንባቢ በርሊንን ያጥና፤ በረሆቮት መቀመጫ የሚፈልግ ግን ወረራን።