ይድረስ ለትኬት መስኮቱ

ለተከበሩ የትኬት ክፍል ኃላፊ፤
አዲስ አበባ።

የቴአትር ቤትዎን ስም አልጠራም። ባለቤቱ ራሱን ያውቀዋል፤ ካላወቀም ሌሎቹ ይነግሩታል።

እኔ በመንዝ የመሐል ሜዳ መምህር ነኝ። ደመወዝ ሲወጣ፣ መንገዱም ሰላም ከሆነ፣ በጣርማ በር አድርጌ፣ ደብረ ብርሃንን አልፌ፣ ለአንድ ቴአትር ብዬ አዲስ አበባ እገባለሁ። ጎረቤቶቼ «ይግባኝ አለበት መሰለኝ» ይሉኛል። መንዜ ለመሬት ክርክር እንጂ ለቴአትር ይህን ሁሉ መንገድ ይሄዳል ብሎ የሚያምን የለም።

አንድ እሑድ የእኅቴ ልጅ አስቀድሞ በቆረጠልኝ ትኬት የ8 ሰዓቱን ላይ ብዬ ደረስኩ። መስኮቱ ተዘግቷል። መስታወቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «በአንዳንድ ምክንያቶች የዛሬው ትርኢት አይኖርም። ትኬት የቆረጣችሁ በሚቀጥለው ሳምንት መግባት ትችላላችሁ።» ጥበቃውን ጠየቅሁት። ምክንያቱ አንዳንድ ሳይሆን አንድ ብቻ ነበር፤ ዋናው ተዋናይ ፊልም ቀረጻ ላይ ነው።

ጌታዬ፣ «የሚቀጥለው ሳምንት» ለሳሪስ ሰው የታክሲ መንገድ ነው። ለእኔ ግን የአውቶቡስ ሰልፍ፣ የአልጋ ኪራይና የርዕሰ መምህር ፈቃድ ነው። ቢሆንም መጣሁ። ትኬት ቆራጩ ወረቀቴን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና «ይኼ እኮ ቀኑ አልፎበታል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልፎበታል። ያሳለፋችሁት ግን እናንተ ናችሁ፤ እኔማ በቀኑ ደርሼ ነበር። ደግሜ ከፈልኩ። በሩ ላይ በርኖሴን ገልጠው ፈትሸው ቆሎዬን ወሰዱብኝ፤ «ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው»። ውስጥ ፈንዲሻ ይሸጣል።

የፊተኛው ረድፍ ሙሉውን «ለክብር እንግዶች» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ባዶውን ተቀምጧል። መጋረጃው ለእነሱ ሲባል ዘገየ፣ ቆየ፣ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። እንግዶቹ አልመጡም። በነፃ የተጠሩት ቤታቸው ተኝተው፣ ሁለቴ የከፈለው መጨረሻ ረድፍ ላይ አንገቱን እያሰገገ አየ። ቴአትሩ ግን ጥሩ ነበር፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ቀርቼ እገላገል ነበር።

በእኛ ገበያ ገብስ የምትሸጥ ሴት እንኳ ደንበኛዋን ታውቃለች፤ ሰፍራ ስታበቃ እፍኝ ምራቂ ታክልበታለች። እናንተ ዘንድ ዓመቱን ሙሉ የተመላለሰውና ዝናብ ሊጠለል የገባው እኩል ናቸው። በጥንቷ አቴና ድሃው ከቴአትር እንዳይቀር መግቢያውን የሚከፍልለት ቴዎሪኮን የሚባል የመንግሥት ካዝና ነበር። ኒው ዮርክም ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዕለቱን ያልተሸጠ ትኬት እስከ ግማሽ በሚደርስ ቅናሽ የሚሸጥ መስኮት አላት። ይቅር፣ ያን ያህል ሩቅ አልሄድም። በደርግ ጊዜ፣ አገራችን የመንዝና ግሼ አውራጃ ሲባል፣ የኪነት ቡድኑ እኛው ዘንድ ነበር። መግቢያውም በነፃ ነበር፤ የሚያስከፍለው መቅረቱ ነበር።

የሸዋ ተመልካች ሲከፋ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ልንገርዎ። የሰያደብሩ ተወላጅ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከአውሮፓ ተመልሰው «ቴአትር ይመልከቱ» ተብለው ተጋበዙ። ሄደው ቢያዩ ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆነባቸው። ገንዘቤ ይመለስልኝ አላሉም፤ ተቀምጠው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት እንግዲህ የተከፋ ተመልካች ሥራ ነው። ቤተ መንግሥቱ በአውሬዎቹ ውስጥ ራሱን አየና ከለከለው። ሰውየው በዚህም አላበቁም፤ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። እኔ እስካሁን ደብዳቤ ላይ ነኝ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ከመሐል ሜዳም፣ ከሞላሌም፣ ከዓለም ከተማም ቴአትር ወዳዶችን ሰብስበን የቴአትር ዕቁብ እንጥላለን፤ የዓመቱን ገንዘብ አስቀድመን እናስገባላችኋለን። እናንተ የደንበኛ ካርድ፣ የወንበር ቁጥርና ሻል ያለ ዋጋ ትሰጡናላችሁ። ትርኢቱ ሲቀር ደግሞ አውቶቡስ ሳንሳፈር ደውሉልን፤ መስታወት ላይ የተለጠፈ ወረቀት ከመንዝ አይነበብም።

ቅናሽ አይቻልም ካሉ የአውቶቡሱንና የአልጋውን ከትኬቱ ዋጋ ላይ ያንሱልኝ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ መልስ የምትሰጡኝ እናንተ ናችሁ። ዝርዝር ከጠፋ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይልኝ፤ ብቻ ቀኑ እንዳያልፍበት።

ከሰላምታ ጋር፣
ቋሚ ተመልካችዎ

ግልባጭ፦
ለክብር እንግዶች (በመጡ ጊዜ)