ቆለፍክ እንጂ መቼ ቃኘህ!

የኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወት ወዳጅ ያለው ሰው አንድ ሕግ ያውቃል፤ ጊታሩ በቅኝት ሲገኝ ጎበዙ ተጫዋቹ ነው፣ ከቅኝት ሲወጣ ጥፋተኛው ዕቃው ነው። ድሮ የሚከሰሰው ክሩ ነበር። ቀጥሎ አየሩ ተከሰሰ። አሁን ተራው የመቃኛዎቹ ነው። ጎበዙ ፋብሪካ የገጠመለትን ስድስት መቃኛ ነቅሎ፣ ሎኪንግ ቲውነር የሚሉትን ክር ነካሽ ቆላፊ መቃኛ አስገብቶ፣ «ከእንግዲህ ከቅኝት ብወጣ ስሜን ቄስ ይጥራው!» እያለ ይዞራል።

እሱ ይናገር፣ እኛ እንመልስ። የተነካም ይመልስ፤ መልስ ያጣ ቁጭ ብሎ ይቃኝ።

— ይኸውልህ፣ ቆለፍኩት! ይሄ ጊታር ከአሁን በኋላ ከቅኝት አይወጣም።

አንዱን በር ቆልፈህ ሁለቱን ወለል አድርገህ ከፍተህ «ቤቴ ተዘጋ» ትላለህ? ያንተ መቃኛ ክሩን የሚይዘው ምሰሶው ላይ ብቻ ነው። ምሰሶው ውስጥ ያለች ትንሽ ፒን ክሩን ተጭና ትነክሰዋለች፤ አንዳንዱ ላይ ከጀርባ በጣት በሚጠብቅ ብሎን፣ አንዳንዱ ላይ ምሰሶው ሲዞር በራሷ። ሥራዋ እዚያ ላይ አለቀ። ክሩ ግን መንገድ ይቀረዋል፤ አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችውን ባለ ስድስት ቦይ አጥንት አልፎ፣ ድልድዩ ላይ ማረፍ አለበት። በሁለቱም ቦታ ይፋተጋል፣ በሁለቱም ቦታ ይያዛል። አንተ ግን ደረሰኙን ይዘህ ትፎክራለህ።

— ሻጩ «ቅኝት ይጠብቃል» ብሎኛል!

ሻጭ ምን እንዲልህ ፈለግክ? «ጆሮህን ታከም» ቢልህ ትገዛው ነበር? እውነቱ ግን እንዲህ ነው። ተራ መቃኛ ላይ ክሩ ሁለት ሦስት ዙር ይጠመጠማል። ድምፁን የሚያወዛውዘውን የትሬሞሎ ዘንግ ጫን ስትለው ጥምጥሙ ይላላል፤ ስትለቀው ደግሞ ወደ ነበረበት ቦታ በትክክል ላይመለስ ይችላል። ቆላፊው ጥምጥሙን ያስቀርልሃል፤ ክሩ አንድ ዙር እንኳ ሳይሞላ ድምፁ ላይ ይደርሳል። ጥምጥም ከሌለ የሚላላ ጥምጥም የለም። ይሄ እውነተኛ ጥቅም ነው፣ አንክድህም። ግን ጥምጥሙን እንዲህ ያበላሸው ማነው?

— እኔ መጠምጠም አልችልም ልትል ነው?

ከመቻልም አልፈሃል! አንድ ምሰሶ ላይ ሰባት ዙር፣ ያውም አንዱን በሌላው ላይ ደራርበህ። ጥምጥም የሚያምረው ቄስ ራስ ላይ ነው፤ ጊታር ራስ ላይ ሲበዛ ስምህን የሚጠራው ቄስ እሱ ራሱ ነው።

— እሺ አሁን ጥምጥም የለም፤ ታዲያ ለምን ያፈነግጣል?

አጥንቷን ጠይቃታ! መቃኛውን ቀስ አድርገህ ስታጠብቅ ድምፁ ንቅንቅ አልል ብሎ ቆይቶ፣ ድንገት «ጢን!» ብሎ ከዘለለ፣ ክሩ ቦዩ ውስጥ ተቀርቅሯል ማለት ነው። ቦዩ ጠብቧል ወይም ሻክሯል። ለክፉ ካልሆነ የእርሳስ ዱቄት ቦዩ ውስጥ ትቀባለህ፤ ከባሰ ቦዩን በክሩ ውፍረት ልክ ለሚሞርድ ባለሙያ ትሰጣለህ። ስድስት መቃኛ ከባሕር ማዶ ስታስመጣ፣ መድኃኒቱ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ተቀምጧል።

ሌስ ፖል የሚባለውን ጊታር የያዘው ሌላው ጎበዝ ዝም ማለት አቃተው።

— የኔ ጊታር ትሬሞሎም የለው፣ ግን እኔም አስገጠምኩ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ያንተ ጊታር መቃኛዎቹን ሦስት በሦስት ተካፍሏል፤ ስለዚህ መሀል ያሉት ክሮች አጥንቷን እንዳለፉ ወደ ጎን ይታጠፋሉ። ሦስተኛዋ ክር ሁልጊዜ የምታሳብድህ አንዱ ምክንያት ይኸው መታጠፍ ነው። እሷን መቃኛው ሳይሆን የቦዩ አሞራረድ ነው የሚያስታርቃት። አንተ ካወጣኸው ገንዘብ በእርግጠኝነት የምታተርፈው ክር ስትቀይር የሚቆጠብልህን ጊዜ ነው። እሱም፣ ክር የምትቀይር ከሆነ ነው። የዛገውን እኮ እያየነው ነው።

— ቁልፍ ቁልፍ ነው፤ ፍሎይድ ሮዝ ያለውም ቆልፏል፣ እኔም ቆልፌያለሁ!

ስም ሲመሳሰል ዘመድ የሆነ መሰለህ? አሜሪካዊው ፍሎይድ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1979 ፓተንት ያገኘበት ሥርዓት ክሩን የሚይዘው አጥንቷ ባለችበትና ድልድዩ ላይ ነው። ሁለቱ ጫፎች ከተነከሱ በኋላ ራስጌ ያለው መቃኛ ቢዞር ባይዞር ለውጥ የለውም። ኋላ ድልድዩ ላይ ትናንሽ ማስተካከያ ብሎኖች የተጨመሩትም ለዚሁ ነው። ፍሎይድ ሮዝ ባለው ጊታር ላይ ቆላፊ መቃኛ ደርቦ የሚያስገጥምም አይጠፋም። ለእሱ መልስ የለኝም፤ ጸሎት ብቻ።

— ያ ታላቅ ጊታሪስት ሄንድሪክስ እንኳ መድረክ ላይ ከቅኝት ይወጣ ነበር!

ይወጣ ነበር፤ ቆላፊ መቃኛም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1969 ዉድስቶክ ፌስቲቫል ላይ ያንን የትሬሞሎ ዘንግ እንደዚያ ሲያንገላታው በተራ መቃኛ ነው። ግን ከቅኝት ሲወጣ እዚያው መድረኩ ላይ ይቃኝ ነበር። አንተ ደግሞ ስትወጣ ቤዚስቱን ትገላምጣለህ።

— ተወው ይሄን! እኔ ለባለሙያ ሳልሰጥ ራሴ ነኝ የገጠምኩት።

ያስታውቃል! እስቲ እንዴት አድርገህ?

— ቀዳዳው ስለጠበበ በትራፓኖ አሰፋሁት።

ጊታር ነው ወይስ ግድግዳ? አብዛኞቹ የዛሬ ቆላፊዎች 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋሉ፤ የድሮው ክሉሶን ዓይነት መቃኛ የነበረበት ጊታር ቀዳዳ ከ9 ሚሊሜትር ያንሳል። ቀድሞ የተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ፑንታ ስትሰድ እንጨቱን ነክሶ ይጎትተዋል፤ ቀለሙን ይልጣል፣ ጠርዙን ይሸርፋል። ሪመር የሚባለው በእጅ የሚዞር ማስፊያ ለዚህ ነው የተሠራው። ከዚያም በፊት በድሮው ቀዳዳ ልክ የተሠራ ቆላፊ አለ፤ ክሉሶንም ይሠራዋል፣ የጃፓኑ ጎቶም ይሠራዋል። ሳይለካ የሚገዛ ሰው በኋላ በትራፓኖ ይለካል።

— ቪቴዋም ግማሽ ላይ ተቆረጠችብኝ፤ ጥራት የላትም!

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ሜፕል ድንጋይ ነው፤ ያቺ መቃኛው እንዳይዞር ከጀርባ የምትይዘው ቪቴ ደግሞ ክር ናት ማለት ይቻላል። በቀጭን ፑንታ መሪ ቀዳዳ ትበሳላታለህ፣ ጥልቀቱ እንዳያልፍ ፑንታው ላይ ፕላስተር ትጠቀልላለህ፣ ጥርሷን ሳሙና ትቀባለህ፣ ከዚያ በእጅ ካቻቢቴ ቀስ። አንተ ግን እሷንም በትራፓኖ! ከፊት ያለውን ዳዶም ሮንዴላውን አልብሰህ በ10 ቁጥር ቺያቬ ጠበቅ ነው የምታደርገው፤ አንቀህ አትገድለውም።

— ክሩንስ? እሱን እንኳ በፒንሳ አጥብቄ ነው የቆለፍኩት።

እኛም ለምን እዚያው ላይ እንደሚበጠስ ሲገርመን ነበር! የጀርባዋ ብሎን ለጣት ተሠራች፣ በጣት ትጠብቅ። የምሰሶውን ቀዳዳ ከክሩ መንገድ ጋር ታስተካክላለህ፣ ክሩን አሳልፈህ ለጥ አድርገህ ትስበዋለህ፣ ትቆልፋለህ፣ ትቃኛለህ፣ ትርፉን መጨረሻ ላይ ትቆርጣለህ። መጀመሪያ ቆርጦ በኋላ የሚስብ ሰው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ስትፈታም መጀመሪያ አላላው። ቀጭኗ 10 ቁጥር ክር እንኳ 7 ኪሎ ገደማ ውጥረት ተሸክማለች፤ ሳታላላት ቁልፉን ከከፈትክ ተረቡን እኔ ሳልሆን እሷ በጥፊ ትነግርሃለች።

— ጨረስክ? አሁን እኔ ልጠይቅህ። ባለፈው ሰርግ ላይ ክሬ ሲበጠስ ዘፋኙ አዝማቹን ሳይደግም ቀይሬ ተመለስኩ። ያንተን ጥምጥም ብንጠብቅ ሙሽሮቹ ልጅ ያስጠምቁ ነበር!

እዚህ ላይ ነካኸኝ። የቆላፊ መቃኛ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፤ አስገባ፣ ሳብ፣ ቆልፍ፣ ቃኝ። ለዚህ ከገዛኸው ገንዘብህ አልባከነም። ለዚህ ነው ብትል ኖሮ ይሄ ሁሉ ተረብም አይወርድብህም ነበር።

ጥግ ይዘው ሲያዳምጡ የቆዩት ክራር ደርዳሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

— ልጄ፣ የድሮው ክራር ጥርስ የለውም፣ ብሎን የለውም። ክሩ ቀንበሩ ላይ ከጨርቅ ጋር ተጠምጥሞ በራሱ ጥብቀት ይኖራል። አንተም ስድስት ክር፣ እኔም ስድስት ክር። ያንተ ብረት፣ የኔ ጨርቅ። ዛሬ ከቅኝት የወጣው ማነው?

— ጋሼ፣ የእርስዎማ መች ይወጣል! ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሸጋገሩ ታዳሚው ምሳውን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይመለሳል እንጂ።

— እኔ ሳስጠብቅ ምሳ ይበላል፤ አንተ ሳትቃኝ ስትጀምር የበላው ይወጣል።

ለዚህ ጊታሪስቱ መልስ አላገኘም፤ መቃኛውን ማዞር ጀመረ። ያውም ከላይ ወደ ታች! ድምፁ ከፍ ካለብህ አሳልፈህ ዝቅ አድርገው፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ ና። የመቃኛው ጥርሶች መሀል ትንሽ ክፍተት አለች፤ እያላላህ ካቆምክ ክሩ በኋላ ያቺን ክፍተት ስቦ ዝቅ ይልብሃል። 18 ለ 1 የሚዞር መቃኛም ብትገዛ፣ ጆሮ 18 ጊዜ የማይሰማውን አንድ ጊዜ አያሰማልህም።

— እሺ በቃ፣ ነቅዬ የድሮውን ልመልሰው?

ተው! ሁለት ጊዜ የተበሳ እንጨት ሦስተኛ አይችልም። መቃኛው ደህና ነው፤ አጥንቷን አስሞርድ፣ አዲስ ክር ሳብ ሳብ አድርገህ አለማምድ።

— ጆሮስ? ለጆሮ ቆላፊ አይሸጥም?

ያንተ እኮ ድሮም የተቆለፈ ነው፤ እሱን ክፈትልን!