በጀታችን አስታማሚ ነው

ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ሮጦ የማያውቅ ሰው ካለ ቤቱ ገና አልተነካም ማለት ነው፤ ተራው ይደርሰዋል። የቀረነው መንገዱን በደንብ እናውቀዋለን። በሽተኛውን ከታክሲ አውርደን ስትሬቸር ስንጠይቅ ጥበቃው "መታወቂያ አስይዙ" ይለናል። መታወቂያ እናስይዛለን። ስትሬቸሩ ይመጣል፤ ሦስቱ ጎማዎች ወደ ፊት፣ አራተኛው ደስ ወዳለው ይሄዳል። እየጎተትን እንገፋለን። ካርድ ክፍል እንሰለፋለን። ከካርድ ክፍል ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ክፍያ፣ ከክፍያ ወደ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ እንደገና ወደ ክፍያ እንላካለን፤ ለካ አንድ ማህተም ጎድሎ ኖሯል። ከዚያ "ሲስተም የለም" ይባላል። እኛ ሲስተሙን እንጠብቃለን፣ በሽተኛው እኛን ይጠብቃል።

ቀጥሎ ወረቀቷ ትመጣለች። ጓንት፣ ካኑላ፣ ስሪንጅ፣ ግሉኮስ፣ ፕላስተር፤ ሁሉም ከውጭ ይገዛ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ፋርማሲ ዝግ ነው፤ ሁለተኛው ጓንት ጨርሷል፤ ሦስተኛው ግሉኮስ አለው፣ ካኑላ የለውም። ሁሉን አሟልተን እያለከለክን ስንመለስ ጓንቱ ቁጥር ሰባት ሆኖ ይገኛል፤ የሐኪሙ እጅ ደግሞ ሰባት ተኩል ነው። እንመለሳለን። የሐኪም እጅ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ማወቅ የአስታማሚ ግዴታ መሆኑን ማንም አልነገረንም።

ኦክስጅንስ? ኦክስጅንማ አለ። ሲሊንደሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ እናየዋለን። የሌለው መክፈቻው ነው። መክፈቻው አንድ ነው፤ ለሁለት ክፍል ያገለግላል፤ ያኛው ክፍል ሲጨርስ ለዚህኛው ያቀብላል። ዛሬ የያዘው ልጅ ኪሱ እንደከተተው እራት ሊበላ ወጥቷል። ነርሷ ትሮጣለች፣ እኛ ከነርሷ ኋላ እንሮጣለን፣ ልጁ ይደወልለታል፣ ስልኩ ዝግ ነው። መጨረሻ ላይ ከጥገና ክፍል አንድ አሮጌ የውሃ ቧንቧ ፒንሳ ተፈልጎ ይመጣና ሲሊንደሩ ይከፈታል። በዚያች ሰዓት ያን ፒንሳ ይዞ የመጣውን ሰው ብናገኘው ሚኒስትር እንሾመው ነበር።

አምቡላንሱንም እናንሳው። አምቡላንስ አለ፣ ሾፌር የለም። ሾፌር አለ፣ ነዳጅ የለም። ነዳጅ አለ፣ ግን የወረዳው ኃላፊ ለስብሰባ ሄዶበታል። ገጠር ያሉት ወገኖቻችን ከዚህ ሁሉ ክርክር ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ ማድረግ ይቀላቸዋል፤ ቃሬዛ ነዳጅ አይጠይቅም፣ ስብሰባም አይሄድም።

ሐኪሙን እንውቀስ? እንዴት ብለን! እሱም እንደኛ የሚሮጥ ነው። ድንገተኛ ሕክምና ራሱን ችሎ በስፔሻሊቲ ደረጃ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሰጠት የጀመረው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው። ያ ሬዚደንት ዓይኑ ቀልቶ፣ አንዱን ወለል ላይ ሌላውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ያክማል፤ ጓንት ከኪሱ የሚገዛበት ሌሊትም አለ። ከየትኛው ኪስ እንዳትሉን። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ አገር ሁሉ የሰማው ነገር ነው።

እንግዲህ ሆስፒታሎቻችን የድንገተኛ ጊዜ ዕቅድ የላቸውም የሚል ሰው ተሳስቷል። ዕቅድ አላቸው። ዕቅዱ እኛ ነን። ተሸካሚው እኛ፣ ተላላኪው እኛ፣ ደም ሰጪው እኛ፣ መድኃኒት መጋዘኑ እኛ፣ ባንኩም እኛ። ገንዘቡ ሲያልቅ ለአክስት ይደወላል፣ በቴሌብር ይላካል፣ ዋሽንግተን ወይም ጅዳ ላለው ዘመድ መልእክት ይጻፋል፣ እሱም ከሥራ ባልደረቦቹ ያዋጣል። ዘመድ የሌለው በሽተኛ ምን እንደሚሆን መጠየቅ ስለማንወድ አንጠይቅም።

የሚያናድደን አስቀድሞ መዘጋጀት የማንችል ሕዝብ አለመሆናችን ነው። እድራችንን ተመልከቱ። ድንኳኑ ማንም ሳይሞት ተሰፍቷል፤ ወንበሩ ተቆጥሮ መጋዘን ገብቷል፤ ድስቱ፣ ትሪው፣ ብርጭቆው በመዝገብ ሰፍሯል፤ ወርኃዊ መዋጮውን ያላመጣ ይቀጣል። ሰው በሌሊት ቢሞት ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል። አንድም የእድር ዳኛ "ዘንድሮ ሰው ስላልሞተ ድንኳኑን እንሽጠው" ብሎ አያውቅም። ለሞታችን እንዲህ የተደራጀን ሰዎች ለመትረፋችን ጊዜ ግን "በጀት አልተያዘለትም" እንባላለን።

ሲያዝም ደግሞ እንዲህ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ መኪና የገጨው ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ተጎጂው ደሙ እየፈሰሰ የማን ጥፋት ነው ተብሎ እንዳይጠየቅ ነው። ነገር ግን ዋጋው ሁሉ እየጋለበ ሲሄድ ያች 2,000 ብር ለዓመታት እዚያው ቆማ ቀረች። ራጁ ጨመረ፣ ስፌቱ ጨመረ፣ ጓንቱ ጨመረ፤ አጥንታችን ብቻ በድሮው ዋጋ ይሰበር ነበር።

ገንዘብ የለም እንዳይሉን ደግሞ አይተናል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አገር ውስጥ መገኘቱ ሲነገር ያልነበረው ሁሉ ተገኘ። ዘፈን የምናይበት፣ ባዛር የምንዞርበት ሚሌኒየም አዳራሽ አልጋ ተዘርግቶበት የሕክምና ማዕከል ሆነ። ቧንቧ በሌለበት በር ላይ ሁሉ የውሃ በርሜልና ሳሙና ተደረደረ። ማሽን መጣ፣ ሥልጠና ተሰጠ፣ አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ይቻላል ማለት ነው! ከዚያ ወረርሽኙ ረገበ፣ አዳራሹ ወደ ባዛሩ ተመለሰ፣ በርሜሎቹም አንድ በአንድ ተሰወሩ። አንዳንዶቹ ዛሬ ጠላ ይጠመቅባቸዋል ብለን እንጠረጥራለን፤ ቢያንስ ሥራ አልፈቱም።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን መሬት ሲናድ ግን ይህን ቀልድ መቀለድ አይቻልም። መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡት ጎረቤቶቻቸው ነበሩ፤ ናዳው ተመልሶ እነሱንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ሕዝቡ በእጁና በአካፋ ጭቃ ሲቆፍር ሁላችንም በስልካችን አይተናል። እዚያም ዕቅዱ ያው ጎረቤት ነበር።

ለወረርሽኝ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የተማመንነው በሰው ኪስ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ እርዳታዋን ስታቆም ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። በአንድ ደብዳቤ። የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከዓመታዊ በጀታችን 15 በመቶውን ለጤና እናውላለን ብለው ቃል የገቡት በ1993 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዓመት ሕፃናት ዛሬ ልጅ ወልደው በዚያው ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ይሮጣሉ፤ ቃሉ ግን እኛ ዘንድ ገና አልደረሰም።

እውነቱን ለመናገር በየዓመቱ ሳያስተጓጉል የሚካሄድ አንድ የወረርሽኝ መከላከያ ፕሮግራም አለን። ህዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያጭድ፣ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ሲተርፉ፣ ሰው ቆሻሻውን አቃጥሎ አካባቢውን አጠነ። እኛም ይኸው ከመቶ ዓመት በኋላ ህዳር 12 በመጣ ቁጥር የሰፈሩን ጥራጊ ሰብስበን እናነዳለን፣ ጭሱን እንስላለን፣ የሳለውን ድንገተኛ ክፍል እናደርሳለን። በጀት አልጠየቅንበትም፤ ክብሪቱን ከየቤታችን ነው የምናመጣው።

ስለ ዝግጁነት አይወራም ማለታችን አይደለም። እንደ ጉድ ይወራል። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ባሉ ሆቴሎች ዐውደ ጥናቱ አይቋረጥም። ባነሩ ይሰቀላል፣ ቦርሳና እስክሪብቶ ይታደላል፣ ሻይ ዕረፍት ይወጣል፣ የቡድን ውይይት ይደረጋል፣ አበል ይፈረማል። የመጨረሻው ስላይድ ሁልጊዜ "የበጀት እጥረት" የሚል ነው። እዚያ አዳራሽ ከቀረበው ኩኪስ ይልቅ ድንገተኛ ክፍሉ ያለው ፕላስተር ያንሳል።

ደግሞ ሰኔ አለ። ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል፤ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ወደ ፋይናንስ ይመለሳል። ስለዚህ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት በየመሥሪያ ቤቱ ግዢ ይጧጧፋል፤ የሚሽከረከር ወንበር፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ያለፈው ዓመት ሳይፈታ የተቀመጠውን የመሰለ ሌላ ፕሪንተር። እኛ የምንጠይቀው የተለየ ተአምር አይደለም። ለድንገተኛ ክፍል ራሱን የቻለ፣ ለወንበርም ለመጋረጃም የማይዛወር አንድ የበጀት ርዕስ ይከፈትለት። የሦስት ወር ጓንት መጋዘን ይግባ፤ ከሁሉም ቁጥር። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ መክፈቻ ይገዛለት፣ በሰንሰለትም ይታሰርበት። የአምቡላንሱ ነዳጅ ከስብሰባ መኪናው ነዳጅ ይለይ። የዘንድሮው ሰኔ ካለፈም ግድ የለም፣ የሚመጣውን ሰኔ እንጠብቃለን፤ መጠበቁን እንደሆነ ካርድ ክፍል ተምረነዋል።